ያላየውን የማይናገር ሰው

ወንድሜ ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሲወዳደር፣ ለቅስቀሳ በወጣንበት የመጀመሪያ ቀን አንዲት ሴት ልንገድል ነበር። በሯን ከፍታ እሱን ስታይ እዚያው ደጃፏ ላይ ተዘረረች። እኔ የያዝኩትን የምርጫ ወረቀት በትኜ ራሷን ደገፍኩ። እሱ ባርኔጣውን በብብቱ እንደያዘ እንጨት ሆኖ ቀረ።

ሊያስደነግጣት አስቦ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ መቶ አለቃ ነበር። እግሩን ተመቶ ከግንባር ሲመለስ ማንም የማይፈልገውን ሥራ ሰጡት፤ የሞቱ ወታደሮች ቤት እየሄደ ለቤተሰብ መርዶ መንገር። ሥራው የራሱ ወግ ነበረው። በሩን ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። ከዚያ ከፍቶ የሚወጣው ሰው ፊት እንዳይገተር ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላል፤ ባርኔጣውን አውልቆ በግራ ብብቱ ሸጎጥ ያደርጋል። ግባ ካሉት ይገባል፣ ተቀመጥ ካሉት ይቀመጣል፣ ወሬውን ግን አያዞረውም። ጦርነቱ ካበቃ ቆይቶ ነበር፤ እጁ ግን ከዚህ ሌላ በር ማንኳኳት አያውቅም። ድምፅ ሊለምን የሄደውም በዚያው ወግ ነው። ሁለት ጊዜ አንኳኳ፣ ፈቀቅ አለ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። የሴትዮዋ የመጨረሻ ልጅ ደግሞ ገና ጦር ሰፈር ነበር።

እኛ ቤታችን ሳንደርስ ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ተቀናቃኙ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው፣ አፈኛ። «ሞት ራሱ ተወዳድሯል፤ ካልመረጣችሁት ቤታችሁ ድረስ ይመጣል» እያለ በየስብሰባው ሰውን ያስቅ ጀመር። «አንኳኪው» የሚለው ቅጽል ስም ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ ላይ ተለጠፈ። በበኩሌ ያንን የነጋዴ አፍ በራሱ ሲሚንቶ ብለስንለት ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በር እንዳይነካ ከለከልኩት። ታናሽ እህቱ ብሆንም ቤቱንም ቅስቀሳውንም የምመራው እኔ ነበርኩ፤ ሚስት የለው፣ ተው ባይ የለው። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ በረንዳ ላይ ወንበር አስቀምጬ ጎለትኩትና ማንኳኳቱን ራሴ ያዝኩት። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ወደ በረንዳው ይመጣ ጀመር። አንዳንዱ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ብቅ ይልና ይጠይቀዋል። ውሃው መቼ ነው የሚገባልን? «አላውቅም» ይላል ወንድሜ። መንገዱስ? እሱንም አያውቅም፤ ጠይቆ ይነግራቸዋል። እኔ ከኋላው ቆሜ እበግናለሁ። አላውቅም እያለ የሚቀሰቅስ ተወዳዳሪ የት አገር አለ? ራት ላይ «ጋሼ፣ እባክህ ቢያንስ ይሠራል በላቸው፤ ምላስህ አይቆረጥም» ስለው ፈገግ ይልና መብላቱን ይቀጥላል።

አሸነፈ። እኔ ብቻ ሳልሆን ፀጉር አስተካካዩም ማመን አቃተው። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በሌሎች ከተሞች መርዶ የሚነገረው ከወረቀት እየተነበበ ነበር። ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ወታደር በእግሩ መጥቶ ለቀስተኛውን የበተነበት ቤት አለ። በኛ ከተማ ግን ይህ አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም። ወንድሜ ሬሳውን በዓይኑ ያየ ሰው አፈላልጎ ከአፉ ሳይሰማ የማንንም በር አላንኳኳም። አለቆቹ ሥራ ታጓትታለህ እያሉ ሲቆጡት ኖረዋል፤ ማዕረጉ ከመቶ አለቃ ፈቅ ያላለውም በዚሁ ነው። ሰዉ ይፈራው ነበር፣ ግን ያምነው ነበር። «መንግሥት ቤቴ ከላካቸው ሰዎች ዋሽቶኝ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው» ያለችኝ ያቺው ደጃፏ ላይ የወደቀችው ሴት ናት። ድምጿንም የሰጠችው ለእሱ ነው።

አሁን የእማማ ሹራብን ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሳቸው የወንድሜ ታሪክ ታሪክ አይሆንም። እማማ ሹራብ የምንላቸው ቀኑን ሙሉ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ሹራብ ስለሚሠሩ ነው። አንድ ልጃቸው ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ከነጓዶቹ ወንዝ ተሻግሮ በዚያው ቀረ። ሲሞት ያየው የለም፤ ሲማረክ ያየው የለም። ወንድሜ አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ፣ የት እንዳለ አላውቅም፣ ያየው ሰው ሳገኝ እመጣለሁ ብሏቸው ነበር። እሳቸው ይህን ቃል ጨብጠው ያዙ። መቶ አለቃው እስካልመጣ ድረስ ልጄ አለ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። ወንድሜም በዚያ መንገድ ማለፉን ተወ። ጽሕፈት ቤታችን ከቤታቸው ጀርባ ቢሆንም በዚያ በቆሰለ እግሩ ዳቦ ቤቱን ዞሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ይመጣል እንጂ በመስኮታቸው ፊት አያልፍም። እማማ ቢያዩኝ ልባቸው ቀጥ ትላለች ይል ነበር።

በምክር ቤቱ ሦስት የምርጫ ዘመን ተቀመጠ። እዚያ ሰው የሚታወቀው በንግግሩ ነው፤ እሱ በዝምታው ታወቀ። የቀድሞ ሠራዊት ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረጉት፤ እግር ለሌላቸው ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ወርክሾፕ እንዲከፈት ያደረገ እሱ ነው። አንድ ጊዜ የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ፣ ለጦር ጉዳተኞች የሚሠሩት ቤቶች አልቀዋል ብለህ ለምክር ቤቱ ሪፖርት አቅርብ ቢለው፣ ጣራቸውን ሳላይ አልልም ብሎ እምቢ አለ። ሄዶ ሲያይ ግድግዳም አልነበራቸው። ለሚኒስትርነት ታጭቶ የቀረው ለዚህ ነው። እኔ ለሳምንት አኮረፍኩት፤ መኪና ይመጣልናል ብዬ ነበር። አባላቱ ግን እጅ አውጡ ሲባል መጀመሪያ የሱን እጅ አይተው ነው የራሳቸውን የሚያወጡት። አፈ ጉባኤው ራሱ፣ መቶ አለቃ ካለ አለ ነው፣ ይል ነበር።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ዓመታት ተኛ። የጠፉ ወታደሮች ረቂቅ ህግ የሚባል ነበር። ከጦርነቱ ያልተመለሰና ደብዛው የጠፋ ወታደር እንደ ሞተ ይቆጠር፤ ሚስቱ ማግባት ትችል፣ ቤቱ ለወራሾቹ ይዛወር ይላል። ረቂቁ ገና በመጀመሪያው የምርጫ ዘመኑ ጠረጴዛው ላይ ደረሰ፤ እሱም እዚያው አስቀመጠው። ያላየነውን ሰው እንዴት ሞተ እንላለን አለ። ሌላውም ሰው ለጠፋ ወታደር የሚቸኩል አልነበረምና ማንም አልጎተጎተውም።

የጎተጎተችው የእማማ ሹራብ ምራት ናት። ልብስ ሰፊ ነች፤ የአማቷ ቤት የመንገድ በኩል ክፍል ሱቋ ነው። ባሏ የዘመተው በተጋቡ በጥቂት ወራቸው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ጽሕፈት ቤታችን መጣች፣ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወልቅ። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለው አናጢ ላግባሽ ብሎ እንደሚጠይቃት፣ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ ባል አለሽ እንደሚሏት፣ የት አለ ስትላቸው አናውቅም እንደሚሏት ነገረችው። ድምፅዋን አላነሳችም። አናጢው ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሰው ስንት ዓመት ይጠብቃል አለች። ከዚያ እስከ ዛሬ የማልረሳውን ተናገረች።

«መቶ አለቃ፣ እርስዎ እማማን ለማኖር ብለው እኔን በቁሜ ቀበሩኝ።»

ከሄደች በኋላ ወንድሜ መስኮቱ ጋ ቆሞ ብዙ ቆየ። በሚቀጥለው ስብሰባ ረቂቁን ይዞ ምክር ቤት ገባ።

እኔ ከላይ፣ ከሕዝብ መቀመጫው ሆኜ አየሁት። ንግግሩ አጭር ነበር። ይህ ህግ የሞተውን አይነግረንም፣ የሚኖሩትን ግን ይፈታል አለ። ህጉ ከጸደቀ በኋላ ለየቤቱ የሚላክ ደብዳቤ እንዳለ ሲነገረው ደግሞ አንድ ነገር ለመነ፤ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ወረቀቱ ከእሱ ቀድሞ የማንም በር እንዳይገባ። ፈቀዱለት። እጅ አውጡ ሲባል አዳራሹ እንደ ልማዱ ወደሱ ዞረ። እጁን አነሳ፤ ሌሎቹም አነሱ።

ከዚያ ቤት ለቤት ተያያዝነው። አሁን የማንኳኳው እኔ ነኝ፤ እሱ መንገዱ ላይ ይቆማል። ገብቶ የሚለው ለሁሉም አንድ ነው። ልጅዎ መሞቱን አላውቅም፤ ህጉ እንደ ሞተ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ያየሁት ነገር የለም። አንዳንዱ አለቀሰ፣ አንዳንዱ ሰደበው። አንድ ሽማግሌ አባት፣ ሳትዋሹኝ ስለሄዳችሁ ይስጥልኝ ብለው እስከ ደጅ ሸኙን። እማማ ሹራብን ለመጨረሻ አስቀራቸው። አውቄበታለሁ፤ ፈርቷል።

ማንኳኳት አላስፈለገም። በመስኮት አይተውን በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አልወደቁም፣ አልጮኹም። ግቡ አሉን፣ ገባን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ የክር ኳሶች የሞሉበት ቅርጫት፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ አንድ እጅጌው ያልተሠራ ሹራብ። ከምራታቸው ሱቅ የሚለየን መጋረጃ ብቻ ነው፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ሲቆም ሰማሁ። ወንድሜ የለመደውን ቃል ጀመረ። ሳይጨርስ በእጃቸው አስቆሙት።

«ህጉን ሬዲዮ ነግሮኛል» አሉ። «አንተ ሬዲዮ ያለውን ልትደግምልኝ ነው የመጣኸው?»

ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«በጦርነቱ ጊዜ ከዚህች መስኮት አይህ ነበር። የአንዷን በር ታንኳኳለህ፤ ትጮኻለች፤ ሰው ይሰበሰባል። ታለቅሳለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ አንድ ቀን ተነስታ ገበያ ትወጣለች። እኔ ቁጭ ብዬ እቀናለሁ። ልጇ በሞተባት ሴት ቀናሁ፤ ከዚህ የባሰ ምን አለ ልጄ? ስንት ዓመት በኮቴ ድምፅ ስባንን ኖርኩ። ልቤ ሞቷል ይለኛል፤ ግን አንተ ካላልከኝ እንባዬ አይወጣም። አሁን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ፤ ልጄ አለ ወይስ ሞቷል?»

ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ። ባርኔጣውን ከጉልበቱ አንስቶ በግራ ብብቱ ያዘ።

«እማማ፣ ልጅዎ ሞቷል።»

«ያየው ሰው አለ?»

«አለ።»

«ማን?»

«እኔ። ወንዙ ዳር ሬሳ ልናነሳ የወረድን ጊዜ አይቼዋለሁ። በእጄ ቀብሬዋለሁ።»

ወንድሜ ሲዋሽ ሰምቼው ስለማላውቅ ድምፁን ለየሁት፤ ሌላ ሰው የሚናገር ነበር የመሰለኝ። እማማ ሹራብ ግን ቃሉን ከአፉ እንደ ውሃ ጠጡት። ለምን እስከ ዛሬ ደበቅከኝ እንኳ አላሉትም። ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ተደፍተው፣ ያን ሁሉ ዓመት የታመቀ ለቅሶ ለቀቁት። እንዲያ ያለ ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ።

መጋረጃው ተገለጠና ምራታቸው ወጣች። አማቷን አላየችም፤ ያየችው እሱን ነው። «ያኔውኑ ያውቁ ነበር?» አለችው። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ደግማ አልጠየቀችውም።

መንገድ ላይ ስንወጣ ክንዱን ይዤ «በእርግጥ አይተኸዋል?» አልኩት።

«አላየሁም» አለኝ።

ወሬው በማግስቱ ከተማውን አዳረሰ። ለእማማ ሹራብ ለቅሶ የመጣው ሰው ከዚያው ወደ ጽሕፈት ቤታችን ጎረፈ፤ ያን ሰሞን ያንኳኳንባቸው እናቶችና አባቶች ናቸው። ለኛ አላየሁም ብለኸን ለሷ አየሁ ያልክ፣ የኛንስ ደብቀኸን እንደሆነ በምን እናውቃለን አሉት። ልክ ነበሩ፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ጠረጴዛውን በላዩ እገለብጥበት ነበር። ከእሱ ሌላ የማውቀው የለም አለ። ይሄኛውስ ለምን ተደበቀ ሲሉት፣ ለእናቱ መንገር አቅቶኝ ነው አለ። ማንም አላመነውም። ሳትዋሹኝ ስለሄዳችሁ ይስጥልኝ ያሉት ሽማግሌ ምንም ሳይናገሩ፣ በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ። ከስድቡ ሁሉ እሱ ነው ያመመው።

እውነቱን እንዲናገር ለመንኩት። ተጣላሁት፣ ሳህን ሰበርኩ። አሮጊቷ ለምነውህ ነው፣ አዝነህላቸው ነው፣ ሰው ይረዳሃል አልኩት። ለአንድ ሰው ከተነገረ ማምሻውን እማማ ጋ ይደርሳል አለኝ፤ እንደገና መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። እንግዲያው ለምራታቸው ብቻ ንገራት፣ የሷ በደል ይበልጣል ስለው፣ ዓይኑ ውሃ ሞላ። የምትኖረው ከሳቸው ጋር አይደለም እንዴ፣ በዚያች በመጋረጃ በተከፈለች ቤት ይህን እንዴት ይዛ ትኑር አለኝ።

ምክር ቤቱ ጠርቶ ጠየቀው። አፈ ጉባኤው ሊያተርፈው ፈልጎ፣ ምናልባት ተሳስተህ ይሆናል፣ ምናልባት መልኩ ተመሳስሎብህ ይሆናል እያለ መንገድ ከፈተለት። እሱ ግን፣ አይቻለሁ፣ ደብቄያለሁ አለ። ከኮሚቴ ሰብሳቢነቱ አነሱት፤ ከምክር ቤቱ ራሱ ለቀቀ። የሲሚንቶ ነጋዴው በሚቀጥለው ምርጫ በወንበሩ ተቀመጠ። ህጉ ግን ጸንቶ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ አናጢውን አገባች፤ ቤቷን ጥሎ መሄድ ስላልሆነላት እሱ እነሱ ጋ ገባ። ልጅ የመውለጃ ዕድሜዋ ግን አልፎ ነበር።

ወንድሜ ከዚያ ብዙ አልኖረም። ቀብሩ ላይ የነበርነውን ሰዎች የፀጉር አስተካካዩ በረንዳ ይበቃን ነበር። ለስንቱ መርዶ ያረዳ ሰው የራሱን የሚያረዳለት ጠፋ። እማማ ሹራብ ግን በምርኩዝ መጥተው፣ ልጄን የቀበረልኝ ልጄ እያሉ አለቀሱለት። ምራታቸው አልመጣችም። አልፈርድባትም።

ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላ ኮቱን ለአንድ ዘመድ ላሳጥር ሱቋ ሄድኩ። ሌላ ሰፊ ስላልነበረ ነው እንጂ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነበር። ኮቱን ገልብጣ እያየች፣ ቀና ሳትል፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለችኝ።

«እውነት ያን ሁሉ ዓመት ያውቅ ነበር?»

ከመጋረጃው ወዲያ እማማ ሹራብ ከአናጢው ጋር ሲጫወቱ፣ ሲስቁም ይሰማል። አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥኩት። ይህች ሴት እውነቱን ከማንም በፊት ልትሰማው የሚገባት ነበረች።

«ያውቅ ነበር» አልኳት።

ኮቱን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው እግዜር የሥራውን ይስጠው» አለች።

«አሜን» አልኩ፤ ከልቤ ነበር።